ወፍ ለማየት ወንዝ ዳር ወረድን

በዚህ ሳምንት የምንጽፍላችሁ ስለ ወፍ ነው። ይህን ስንል አንዳንዶቻችሁ «ወፍ ደግሞ ምን ይጻፍለታል?» እንደምትሉ እናውቃለን። ማሽላው ሊደርስ ሲል ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ሲያወናጭፍ የዋለ ሰው፣ ግሪሳ ወርዶበት እርሻው ባዶ አገዳ ሆኖ የቀረበት ሰው፣ «ወፍ ለማየት ሄድን» ብንለው ቢስቅብን አይፈረድበትም። እኛም ግማሾቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ወፍ ጥበቃ ምን እንደሆነ እናውቃለን።

ነገር ግን ወፍ ሁሉ ግሪሳ አይደለም። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ። ከዚህ ሁሉ እህል የሚጎዳው ጥቂቱ ነው። እህል በሊታውን ከሌላው ለመለየት ምንቃሩን ማየት ነው። አጭርና ወፍራም ምንቃር ፍሬ ይሰብራል። ቀጭን ምንቃር ትንኝና ትል ይለቅማል። እንደ ማጭድ ጫፍ የታጠፈ ምንቃር ሥጋ ይቦጭቃል። ረጅምና ቆልመም ያለ ምንቃር ደግሞ ጭቃና ሣር ውስጥ ገብቶ ይፈልጋል። ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ ማረሻውን ከመቆፈሪያው የሚለየው በአፉ አይደል? ወፍም እንደዚያው ነው። መሣሪያውን ተሸክሞ ይዞራል።

አሁን ወደ ጉዟችን እንግባ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ጧት አምስት ተማሪዎች ሆነን አዲስ አበባ ውስጥ በቀበና ወንዝ ዳር ተጓዝን። የያዝነው አንድ ሩቅ አሳይ መነጽር፣ አንድ ደብተር፣ ሁለት እርሳስና ዳቦ ነው። መነጽሩ ሩቅ ያለውን ቅርብ አድርጎ ያሳያል። አምስት ሰው በአንድ መነጽር ስለሚሻማ ብዙውን ያየነው በዓይናችን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለጀማሪ መነጽር የግድ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ዝም ብሎ መቆም ነው። ከመካከላችን አንዱ ወሬ ስለሚወድ እሱን ከኋላ አስከተልነው።

ለማታውቁት አገሩን እንንገራችሁ። አዲስ አበባ በስተሰሜን እንጦጦ የሚባል ተራራ አላት። ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ከእንጦጦ ብዙ ጅረቶች ወደ ከተማው ይወርዳሉ፤ ቀበና አንዱ ነው። የከተማው ወንዞች መጨረሻቸው ሁለት አቃቂዎች ናቸው፤ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና አዋሽ ይገባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ሸዋን አቋርጦ፣ በአፋር አልፎ፣ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ከሚባለው ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ከድልድይ የጣለው ነገር ለአዋሽ ባላገር መንገድ ጀመረ ማለት ነው።

ከላይ ጀመርን፤ ከተራራው ሥር። እዚያ ውኃው ገና ቀጭን ነው። በድንጋይ መካከል ይዘላል፤ ከታች ያለው ጠጠር ይታያል። መጀመሪያ ያየናት ወፍ ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘል ትንሽ ወፍ ናት። ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ ግራጫ፣ ጅራቷ ረጅም ነው። ጅራቷን ወደ ላይ ወደ ታች ትነቀንቃለች። ስትቆምም ትነቀንቃለች፤ ስትሄድም ትነቀንቃለች። እንዲያው ጅራቷ ዕረፍት የለውም። የእርሷ ቢጤ የሆኑትን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ መጥተው ከከብት እግር ሥር ዝንብ የሚለቅሙት ናቸው።

እነዚህ ወፎች የእኛ አገር ብቻ አይደሉም። የሚወልዱት አውሮፓና እስያ ነው። እዚያ ብርድ ሲገባና ትንኝ ሲጠፋ ወደ እኛ ይመጣሉ። እዚያ ሲሞቅ፣ በእኛ ሚያዝያ ገደማ፣ ይመለሳሉ። የአንዷ ክብደት 20 ግራም ገደማ ነው። ሻይ የሚወድ ሰው በአንድ ብርጭቆ አራት ማንኪያ ስኳር ቢያደርግ፣ የስኳሩ ክብደት ከእርሷ ብዙ አይርቅም። በዚህች አካል ነው በረሃውንና ባሕሩን የምታቋርጠው። «እኔ ከአገሬ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመጣ ሁለት ቀን ታምሜ ነበር» አለ አንዱ ጓደኛችን። ሳቅን፤ ወፏም በረረች።

ጥንት የአውሮፓ ሰዎች ወፎቹ በክረምት የት እንደሚገቡ አያውቁም ነበር። አንዳንዱ ሐይቅ ውስጥ ጭቃ ለብሰው ይተኛሉ ይል ነበር። ነገሩ ከታወቀባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1822 ጀርመን አገር አንድ ሽመላ ተመቶ ወደቀ። ሲያዩት አንገቱ ላይ ጦር ተሰክቷል። ጦሩ ከክንድ ይረዝማል፤ ሥራውም የአፍሪካ ነው። ሽመላው ጦሩን አንገቱ ላይ እንደ ተሸከመ ከአፍሪካ ጀርመን ድረስ በርሯል ማለት ነው። ያ ሽመላ እስከ ዛሬ ሮስቶክ በሚባል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከነጦሩ ተቀምጧል። በኋላ፣ በ1899፣ ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ከጦር የተሻለ ዘዴ አመጣ። ቁጥር የተጻፈባቸው ቀላል የብረት ቀለበቶች ሠርቶ በወፎች እግር ላይ አሰረ። ወፉን ሌላ ቦታ ያገኘ ሰው ቁጥሩን ጽፎ ሲልክ፣ ወፉ ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ ይታወቃል።

ይህን የምንነግራችሁ ለተረት ብቻ አይደለም። ዛሬም ብዙ ወፎች ቀለበት አስረው ወደ አገራችን ይመጣሉ። እርሻ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ ሽቦ ሥር የሞተ ወፍ ብታገኙ እግሩን እዩ። ቀለበት ካለው ቁጥሩን ከነፊደሉ ወረቀት ላይ ገልብጡ። የፈረንጅ ፊደሉን ባታነቡት ምንም አይደለም፤ ቅርጹን እያያችሁ አስመስሉት። ቀኑንና የቀበሌውን ስም ጻፉ። ከዚያ ለግብርና ባለሙያው ወይም ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱን አትፍቱት፤ ቁጥሩን ብቻ ጽፋችሁ ልቀቁት። የሞተውን ግን በባዶ እጅ አትንኩ፤ በበሽታ ሞቶ ሊሆን ይችላል። በእንጨት ገልብጡት።

ከተራራው ሥር ሳንርቅ ሌላ ወፍ አየን። ቡናማ ነው፤ ከዶሮ ትንሽ ያንሳል። ምንቃሩ ከፊት፣ ጉትዬው ከኋላ ሹል ስለሆነ ጭንቅላቱ ቁርጥ መዶሻ ይመስላል። ፈረንጆቹም ስሙን ያወጡት ከመዶሻ ነው። ውኃው ውስጥ ቆሞ እንቁራሪት ይጠብቃል። የዚህ ወፍ ቤት አሠራር ይገርማል። በሺህ የሚቆጠር እንጨት ለቅሞ ዛፍ ላይ ይከምራል፤ ውስጡን በጭቃ ይለስናል፤ በሩን ጠባብ አድርጎ በጎን ወይም በታች ያወጣል። ጣሪያው ላይ ሰው ቢቆምበት ይሸከማል። ሚስትና ባል ሆነው ሳምንታት ይሠሩታል። እኛ ያየነው ወፉን እንጂ ቤቱን አይደለም፤ እናንተ ግን በወንዝ ዳር ዋርካ ላይ የእንጨት ክምር ካያችሁ የእርሱ ሊሆን ይችላል።

ወደ ታች ስንወርድ ቤት በዛ። ውኃውም መልኩን ለወጠ። መጀመሪያ እንደ አመድ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠቆረ። ላስቲክ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ ከቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል። ክረምት ላይ ውኃው ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ነበረ የሚታወቀው ላስቲኩ ከተሰቀለበት ነው። ባለ መዶሻውን ከዚያ በኋላ አላየነውም። እንቁራሪት በሌለበት ምን ይሠራል? ባለ ቢጫ ሆዷ ግን አልጠፋችም። ቆሻሻው ዝንብ ያራባል፤ ዝንብ ባለበት እርሷ አለች። ስለዚህ «ወፍ ካለ ውኃው ንጹሕ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። የትኛው ወፍ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች ለማልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሥራ ተጀምሮ ነበር። በአንዳንድ ቦታ የእግር መንገድና አበባ ተሠርቷል። ለመራመድ ጥሩ ነው፤ እኛም ረግጠነዋል። ለወፍ ግን ከአበባው ይልቅ ሾላውና ቁጥቋጦው ይሻለዋል ብለን እናምናለን። ሾላ ፍሬ አለው፤ ቁጥቋጦም መደበቂያ ነው። የተላጨ ሣር ምን ይሰጠዋል?

አንዱ ድልድይ ላይ ቆመን መነጽሩን እየተቀባበልን ስንጽፍ አንዲት እናት ከአጥራቸው ወጥተው መጡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተዋል።

«ልጆቼ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉ።

«ወፍ እያየን ነው እማማ።»

«ወፍ?» አሉና ደብተራችንን ተመለከቱ። «የምትጽፉትስ?»

«የወፎቹን ቁጥር ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። «እኔ እኮ ቤት የምትቆጥሩ መስሎኝ ደንግጬ ነው የወጣሁት» አሉ። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው መነጽርና ደብተር የያዘ ሲያይ ልቡ የሚመታው በምን ምክንያት እንደሆነ ገባን። ደብተሩን አነበብንላቸው። አስራ አንድ ትልልቅ ግራጫ ወፎች ከሚለው ስንደርስ ሳቁ። «እነዚያን ጯሂዎች? ሲመሽ በቤቴ ላይ ነው የሚያልፉት። እነሱ ካለፉ ምጣዱን ለኩሼ እራት አሰናዳለሁ። ሰዓት የለኝም፤ ሰዓቴ እነሱ ናቸው» አሉ።

እማማ ያሏቸው ወፎች ግራጫ ናቸው። ክንፋቸው ላይ ነጭ አለ። ምንቃራቸው ረጅምና ቆልመም ያለ ነው፤ ከጉሮሯቸው ሥር እንደ ጉትቻ ያለች ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥላለች። ጧት በመንጋ ሣር ላይ ይወርዳሉ፤ ምንቃራቸውን መሬት ውስጥ እየከተቱ ትልና የነፍሳት ዕጭ ያወጣሉ። ዕጭ ማለት ነፍሳት ገና ክንፍ ሳያወጡ ትል መስለው የሚኖሩበት ጊዜ ነው፤ ብዙው የሰብልና የሣር ሥር ይበላል። ማታ ወደ ማደሪያቸው፣ ወደ ገደል ወይም ወደ ዛፍ፣ እየጮኹ ይበርራሉ። እነዚህ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የሉም። ፈረንጅ እነሱን ለማየት ብቻ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። እማማ ግን እራት ይጥዱባቸዋል። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደሚያውቃቸው እንጃ።

ቁራም አየን። የእኛ ደጋ ቁራ ከሌላው አገር ቁራ ይለያል። ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው፤ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ ወፍራም ነው። የሚኖረውም በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። እበት በምንቃሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ትል ሲለቅም አይታችሁት ይሆናል። ጭልፊትም ነበረ፤ እሱማ የጓደኛችንን ዳቦ ከእጁ ሊነጥቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እርግቦች ከድልድዩ ሥር ተሰግስገው ነበር። አንገታቸው ላይ ነጭ ቀለበት ያላቸው ናቸው፤ እነዚህም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናቸው።

በመጨረሻ በጣም የቆየነው አንድ ትልቅ ደረቅ ዛፍ ሥር ነው። ዛፉ ላይ ጥንብ አንሳዎች ተቀምጠዋል። ቆጠርናቸው፤ ሰባት ናቸው። ፊታቸው ራቁቱን፣ ቀይ ወይም ሐምራዊ መልክ ያለው ነው፤ ማጅራታቸው ላይ እንደ ቆብ ያለ ላባ አላቸው። ማንም ቆንጆ ናቸው አይላቸውም። ከመካከላችን የእንስሳት ሕክምና የምትማር ጓደኛችን ግን እዚያ ስንደርስ ነው መናገር የጀመረችው።

ጥንብ አንሳ የሞተ ከብት ሲበላ የሚሠራው ለእኛ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው አሲድ ብርቱ ነው፤ ሌላውን የሚገድል በሽታ እሱን አይነካውም። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በልቶ አይታመምም። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ግን ጥንቡን ውሻና ጅብ ይረከባሉ። ይህ ግምት አይደለም፤ ሕንድ አገር ሆኗል። እዚያ ጥንብ አንሳ እንደ እኛ ቁራ በየመንደሩ ነበረ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ማለቅ ጀመረ። በ2007 ሲቆጠር አንደኛው ዓይነት ቀድሞ ከነበረው ከ1,000 አንዱ ብቻ ቀርቶ ተገኘ። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። በኋላ በ2004 ታወቀ። ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት ነው። ላሟ መድኃኒቱን ትወስዳለች፤ ላሟ ትሞታለች፤ ጥንብ አንሳው ይበላታል፤ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሕንድ በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። እስከዚያ ድረስ ግን ጥንቡን ውሻ ተረክቦት፣ ውሻው በዝቶ ነበር። ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ አብሮ ይበዛል።

ወደ እኛም እንምጣ። እዚያ ዛፍ ላይ ያየናቸው ዓይነት በ2008 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2015) ከዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሌሎች ሦስት የአገራችን ጥንብ አንሳዎችም አብረውት ገብተዋል። ከሦስቱ አንዱ በ1973 በፈረንጆች፣ በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ ላይ፣ ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው ዓይነት ነው። እንዲህ ከፍ ብሎ የሚበር ወፍ መሬት ላይ በተጣለ ሥጋ ያልቃል። በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ሰው ለጅብ ወይም ለውሻ ብሎ ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል። ጅቡ ይሞታል፤ ጥንብ አንሳ ይወርድበታል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተለዋል። በአንድ ጥንብ ላይ በአሥሮች የሚቆጠሩ ይሞታሉ። ይህ ጥንብ አንሳ በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። በአንድ ቀን የሞቱትን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ጓደኛችን ይህን ስትነግረን ወሬ የሚወደው ልጅ እንኳ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ታዲያ ባላገሩ ምን ያድርግ? ጅብ አህያውን ሲበላበት ዝም ይበል?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የእናንተም ይመስለናል። እርሷ የመለሰችው ይህን ነው። በረቱን በእሾህ አጥብቆ ማጠር ከመርዙ ይሻላል፤ መርዝ ጅብ ብቻ አይመርጥም፤ የጎረቤት ውሻም፣ ልጅም ሊነካው ይችላል። በመርዝ የሞተ ውሻ ወይም ጅብ ካጋጠማችሁ ሜዳ ላይ አትተዉት፤ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ለከብታችሁ የሕመም ማስታገሻ ስትገዙ የእንስሳት ሐኪሙን «ይህ ዳይክሎፌናክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሜሎክሲካም የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ ለከብቱ ይረዳል፤ ጥንብ አንሳውን አይገድልም። ስሙ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ ሐኪሙ በአማርኛ እንዲጽፍላችሁ አድርጉና ወረቀቱን አስቀምጡ።

ከቀኑ 5 ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ በረታ፤ ወፎቹም ጥላ ገቡ። ወፍ የሚታየው ጧትና ማታ ነው። ደብተራችንን ስንቆጥር 17 ዓይነት ወፍ ጽፈናል። አጻጻፋችን እንዲህ ነው፦

«ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.። እሑድ። ከጧቱ 1 ሰዓት። ቀበና ወንዝ፣ ከድልድዩ በላይ። ትልቅ ግራጫ ወፍ፣ ምንቃሩ የተቆለመመ፣ ጉሮሮው ላይ ጉትቻ አለው። 11። ሣር ውስጥ ትል ይለቅማሉ።»

እናንተም በዚህ መልክ መጻፍ ትችላላችሁ። ቀን፣ ቦታ፣ መልክ፣ ብዛት፣ ምን ሲያደርግ እንደ ነበረ። ለአምስት መስመር አምስት ደቂቃ ይበቃል። በተለይ አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። እነዚህ ግራጫ ጯሂዎች፣ ጅራት ነቅናቂዋና ባለ መዶሻው በየአገሩ ስማቸው ይለያያል። አምስታችን እንኳ ከአምስት ቦታ ስለመጣን በስማቸው አልተስማማንም። በእናንተ ቀበሌ ምን ትሏቸዋላችሁ? ስማቸውን ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ ስጡ፤ አስተማሪው ወደ እኛ ይልከዋል። የፊደል ስሕተት ይኖርብናል ብላችሁ አትፍሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ግሪሳ ወፍ እንጽፋለን። ከየት እንደሚመጣ፣ በአንድ መንጋ ስንት እንደሚሆን፣ ማሽላው ላይ ከመውረዱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚቻል።